ምልክት የማይተው ሞት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 26 ቀን 2003 (በኢትዮጵያ ሰኔ 19 ቀን 1995) በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ካሜሩንና ኮሎምቢያ ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ለማለፍ እየተጫወቱ ነበር። በ72ኛው ደቂቃ ላይ ማርክ ቪቪያን ፎ በሜዳው መሀል ብቻውን ወደቀ። የነካው የለም፣ የገፋው የለም። ሐኪሞች ለ45 ደቂቃ ያህል ልቡን ለመመለስ ታገሉ፤ አልተመለሰችም። ዕድሜው 28 ነበር። ያን ዕለት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ የኳስ ወዳጅ ሁሉ፣ አዲስ አበባ የነበረውም ጭምር፣ ያንን የተገለበጠ ዓይን እስከ ዛሬ አይረሳውም።

የአስከሬን ምርመራው የፎ የልብ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈሩን አሳየ። በዘር የሚወረስ ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ልብ በሩጫ መካከል ድንገት ምቱ ይዛባና ደም መርጨቱን ያቆማል። ለቤተሰቡ መራራ ሐዘን ነበር፤ ግን «ማን ገደለው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕዝብ አይቷል፣ ካሜራ ቀርጿል፣ ልቡም ራሱ መስክሯል።

ከዚያ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 21 ቀን 2003፣ በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ ሌላ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካትሊን ፎልቢግ የተባለች የ35 ዓመት ሴት ሦስት ልጆቿን በመግደል፣ አንዱን ደግሞ ከነፍስ ግድያ ዝቅ ባለ የሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተባለች። የእሷን ልጆች ሞት ያየ ካሜራ አልነበረም። አራቱም የሞቱት ቤት ውስጥ፣ በተኙበት ነው። መጀመሪያ ያገኘቻቸውም እናታቸው ነበረች።

የልጆቹ ታሪክ እንዲህ ነው። ካሌብ በፌብሩዋሪ 1989 ተወልዶ በ19ኛ ቀኑ ሞተ። ፓትሪክ በ1990 ተወለደ፤ በአራት ወሩ ገደማ ትንፋሹ ሊቋረጥ ደርሶ ተረፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚጥል በሽታ ያዘው፣ ዓይኑም ማየት ተሳነው፤ ስምንት ወሩ ላይ ሞተ። ሣራ በኦክቶበር 1992 ተወልዳ በአሥር ወሯ አረፈች። ላውራ የመጨረሻዋ ናት። በ1997 ተወለደች፣ አንድ ዓመት አለፋት፣ ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ሄደች፤ ወላጆቿ «ይቺስ ተረፈች» ባሉበት ሰዓት፣ ማርች 1 ቀን 1999፣ በ18 ወሯ ሄደች።

በካሌብና በሣራ ወረቀት ላይ ሐኪሞች የጻፉት «የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት» ብለው ነው። ይህ ስም የበሽታ ስም ይመስላል እንጂ አይደለም። «ፈልገን ምክንያት አጣን» ማለት ነው። የፓትሪክን ሞት ከሚጥል በሽታው ጋር አያያዙት። ላውራ ላይ የመረመራት ሐኪም የልብ ጡንቻ መቆጣት አይቷል፤ ሆኖም ከእሷ በፊት ሦስት መሞታቸውን ስላወቀ የሞቷን ምክንያት «ያልታወቀ» ብሎ መዘገበው። ፖሊስ የገባው ያኔ ነው።

ከዚያ ባልና ሚስቱ ተለያዩ። ባልየው ቤት ውስጥ የሚስቱን የዕለት ማስታወሻ አገኘና አነበበ፤ ካነበበ በኋላም ለፖሊስ ሰጠ። ማስታወሻው ውስጥ «ገደልኩ» የሚል ቃል የለም። ያለው የደከመች እናት ምሬት ነው፦ ልጅ ላይ መጮኋን፣ ትዕግሥት ማጣቷን፣ ለሞታቸው ራሷን ተጠያቂ ማድረጓን ጽፋለች። አንድ ቦታ ላይ ሣራ የሄደችው በትንሽ እርዳታ እንደሆነ የሚመስል ዓረፍተ ነገር አለ። ዐቃቤ ሕግ ይህን እንደ ኑዛዜ አነበበው። እሷ ግን ስትጽፍ ያሰበችው እግዚአብሔርን ወይም ከሰው በላይ የሆነ ኃይልን እንደነበር ተናግራለች። ሐዘን ቤት ደረቷን እየደቃች «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ እኔ ነኝ የበላሁሽ» የምትል እናት ያየ ሰው ይህ ዓይነት ቋንቋ እንግዳ አይሆንበትም። ችሎቱ ግን እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት አያውቅም ነበር።

ሌላም ጥላ ነበረባት። ገና አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሳለች አባቷ እናቷን በስለት ወግቶ ገድሏል፤ እሷ በአሳዳጊ ቤት ነው ያደገችው። ይህ ለጁሪው እንዳይነገር ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ከጁሪው አባላት አንዱ በኢንተርኔት ፈልጎ እንዳገኘው በኋላ ታወቀ። በዚህ ምክንያት የቀረበውን ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2007 ውድቅ አደረገው።

ሰባት ሳምንት በፈጀው ችሎት ልጆቹ መታፈናቸውን የሚያሳይ የአካል ማስረጃ አልቀረበም። የቀረበው የቁጥር ስሜት ነው፦ አንድ ቤት፣ አራት ሕፃን፣ አሥር ዓመት። ባለሙያዎች ተራ በተራ ቆመው ከአንድ ቤት ይህን ያህል ሕፃን በተፈጥሮ ሞት ሲሞት አላየንም አሉ። ዐቃቤ ሕጉ በመዝጊያ ንግግሩ፣ ተከላካዮች የሚሉት ነገር ሊሆን አይችልም ብሎ ማስረዳት እንደማይችል፣ ነገር ግን አንድ ቀን አሳማ ክንፍ ያለው ግልገል ልትወልድ ትችላለች የሚለውንም እንዲሁ ማስተባበል እንደማይችል ለጁሪው ነገረ። ሳይንስ «አላውቅም» ያለው ነገር ችሎቱ ውስጥ «አንቺ ነሽ» ሆኖ ተሰማ። የ40 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በ2005 በይግባኝ ወደ 30 ዓመት ዝቅ ተደረገላት።

ይህ ጆሮ ከየት መጣ? ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን፣ ሳይተዋወቁ፣ ሲጓዙ ኖረዋል። አንደኛው ሐኪሞች ስለ ልብ ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ የተማሩት ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤቶች ስለ እናቶች የተማሩት፣ ወይም የተማሩ የመሰላቸው።

የመጀመሪያው ከሊፕዚግ ይነሳል። በ1856 ሜይስነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ተማሪ ነገር መዝግቦ አስቀምጧል። ልጅቱ መስማት የተሳናት ናት። በትምህርት ቤቱ ትንሽ ነገር ሰርቃ ተገኘችና አስተዳዳሪው ፊት ቀርባ ልትገሠጽ ስትል ወድቃ ሞተች። አስተዳዳሪው ምን ያህል እንደደነገጠ መገመት ቀላል ነው። ወላጆቿ ግን ሲነገራቸው እምብዛም አልተገረሙም፤ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆቻቸው እንዲሁ ሞተውባቸዋል፣ አንዱ ደንግጦ፣ ሌላው ተናዶ። ወላጆቹ የበሽታውን ስም አያውቁም፤ ግን ጠባዩን ያውቁታል። በአማርኛ ቢሆን «መጋኛ መታት» ይባል ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ጤነኛ ሰው ሌሊት ተኝቶ ሲቀር «ባንጉንጎት» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ የሚናገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ገላ ላይ ጠባሳ ሳያስቀር ስለሚመጣ ሞት።

ለምን ጠባሳ አያስቀርም? ልብ ጡንቻ ብቻ አይደለችም፤ በእያንዳንዱ ምት የሚለቀቅና መልሶ የሚሞላ ኤሌክትሪክ አላት። ጡንቻው ሲበላሽ፣ ለምሳሌ እንደ ፎ ሲወፍር፣ መርማሪው በእጁ ይዞ ያየዋል። ኤሌክትሪኩ ሲዛባ ግን የሚታይ ነገር የለም። ልብ በሥርዓት መምታቷን ትታ ትርገፈገፋለች፣ ደም አይረጭም፣ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ኤሌክትሪኩም አብሮት ይጠፋል። በምርመራው ጠረጴዛ ላይ የምትቀርበው ልብ ፍጹም ጤነኛ ናት። ሬሳ ኤሌክትሪክ አያስቀምጥም።

ስለዚህ ሕመሙን ማየት የሚቻለው ሰውየው በሕይወት ሳለ ብቻ ነው፤ ለዚያም መሣሪያ ያስፈልጋል። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ኢሲጂ የምንለውን የልብ ኤሌክትሪክ መዝጋቢ ሠራ። የመጀመሪያው መሣሪያ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፣ አምስት ሰው ያንቀሳቅሰዋል፣ በሽተኛው እጁንና እግሩን የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ ያው ምርመራ በእጅ በሚያዝ ዕቃ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ የሚታዩትን ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየማቸውም እሱ ነው። ከኪው መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ርቀት ልብ ኤሌክትሪኳን አፍስሳ መልሳ እስክትሞላ የሚወስድባት ጊዜ ነው።

የሊፕዚጓ ልጅ ምሥጢር የተፈታው ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በኖርዌይ ነው። በ1957 የርቬልና ላንገ ኒልሰን የተባሉ ሐኪሞች ስድስት ልጆች ካሉት አንድ ቤተሰብ ጋር ተገናኙ። አራቱ መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ እነዚያው አራቱ ሲሮጡ ወይም ሲደነግጡ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ሦስቱ በድንገት ሞተዋል። በኢሲጂ ሲታዩ ያ ርቀት፣ ኪው-ቲ የሚባለው፣ ከመጠን በላይ የረዘመ ነበር። ልባቸው መልሳ ሳትሞላ የሚቀጥለው ምት ይደርስባታል ማለት ነው። ጆሮና ልብን ያገናኘው ነገር የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፦ የውስጥ ጆሮም ልብም በሚጠቀሙበት አንድ የፖታሲየም በር ላይ ያለ የዘረመል ብልሽት። በ1963 ጣሊያናዊው ሮማኖ፣ በ1964 አየርላንዳዊው ዋርድ የመስማት ችግር የሌለባቸው፣ ግን ልባቸው እንዲሁ የሆነ ቤተሰቦችን አገኙ።

ከዚህ በኋላ ጣሊያናዊው የልብ ሐኪም ፒተር ሽዋርትዝ ወደ ታሪኩ ይገባል። በ1970ዎቹ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ «ምክንያቱ ያልታወቀ» እየተባሉ የሚቀበሩት ጨቅላዎች ውስጥ ስንቶቹ ይሆኑ ይህ ሕመም የነበረባቸው? ጥያቄውን ለመመለስ ከ1976 ጀምሮ ለ18 ዓመት ያህል በተወለዱ በጥቂት ቀናቸው የ34,442 ሕፃናት ኢሲጂ ተነሣ። ውጤቱ በ1998 ታተመ። ከእነዚያ ሕፃናት 24ቱ በኋላ በድንገተኛ የጨቅላ ሞት ሞተዋል፤ ከ24ቱም የ12ቱ ኪው-ቲ ገና በተወለዱ ሰሞን ረዝሞ ነበር። ግማሾቹ ማለት ነው። ጽሑፉ ሲወጣ የፎልቢግ ሦስት ልጆች ተቀብረዋል፣ ላውራ ገና በሕይወት ነበረች።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ሌሊት በተኛበት የሞተ ሕፃን ጉዳይ ችሎት ሲቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው በንጉሥ ሰሎሞን ዘንድ ነው። የሁለቱን ሴቶች ክርክር የማያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው ሰይፉንና ሕያው ሆኖ የተረፈውን ሕፃን ነው። የሞተውን ሕፃን ግን ማንም አይጠይቅም፤ እናቱ ተኝታበት ሞተ ተብሎ ታለፈ። ለብዙ መቶ ዓመታት በአውሮፓም በሌላውም ዓለም ሌሊት ለሞተ ሕፃን የሚሰጠው ማብራሪያ ይኸው ነበር። «የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት» የሚለው ስም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲመጣ እናቶች ትንሽ እፎይ አሉ።

እፎይታው አልዘለቀም። ለዚህም እውነተኛ ምክንያት ነበር፣ ይህን መሸፈን አይገባም። በ1972 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ድንገተኛ ሞት በትንፋሽ መቋረጥ ምክንያት በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል የሚል ጽሑፍ አሳተመ፤ ከምሳሌዎቹ ዋነኛው ልጆቿ አንድ በአንድ የሞቱባት የኒውዮርክ ግዛት እናት ነበረች። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያቺ እናት፣ ዋኔታ ሆይት፣ አምስት ልጆቿን አፍና እንደገደለች ለፖሊስ ተናዘዘች። ቆይታ ኑዛዜዋን ብታስተባብልም በ1995 ተፈረደባት። ሳይንሱ የተደገፈበት ምሰሶ በወንጀል ሲፈርስ ሁሉም ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ። ሮይ ሜዶው የተባለ ታዋቂ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ስሙ የተያያዘበት መርህ ያን ጊዜ ገነነ፤ መንፈሱ በአጭሩ፦ የአንድ ሕፃን ሞት ሐዘን ነው፣ ሁለት ሲሆን ያጠራጥራል፣ ሦስት ሲሆን ደግሞ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ግድያ ነው።

ሜዶው በ1999 ሁለት ወንዶች ልጆቿ በሞቱባት ሳሊ ክላርክ ላይ ሲመሰክር እንዲህ ያለ አጋጣሚ ከ73 ሚሊዮን አንዴ እንደሚደርስ ተናገረ። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ስህተቱም እንዲሁ። እንደ ክላርክ ባለ ቤት አንድ ጨቅላ በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው ተባለ፤ 8,543ን በ8,543 ብታበዛው 73 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ይህ የሚያስኬደው ግን የሁለቱ ልጆች ሞት ልክ እንደ ሁለት የዕጣ ቁጥሮች ካልተያያዘ ብቻ ነው። ወንድማማቾች ደግሞ ዕጣ አይደሉም፤ አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ደም አላቸው። የሚወረስ ሕመም ቢኖር ያንዱ ሞት የሌላውን ሞት ይበልጥ ቅርብ ያደርገዋል። ክላርክ በጃንዋሪ 2003 በይግባኝ ነፃ ወጣች፤ በ2007 ሞተች። በዲሴምበር 2003 ሦስት ልጆች የሞቱባት አንጄላ ካኒንግስ ተለቀቀች፤ በእሷ ዘመዶች መካከል ቀደም ባለው ትውልድ ተመሳሳይ የሕፃናት ሞት እንደነበረ ተገኝቶ ነበር።

የፎልቢግ ፍርድ የወደቀው በእነዚህ ሁለት ፍቺዎች መካከል ነው። የሜዶው መርህ በስሙ ባይጠራም መንፈሱ የሲድኒው ችሎት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሌላም ግጥጥሞሽ አለ፦ የሰው ልጅ ሙሉ የዘረመል ንባብ መጠናቀቁ የታወጀው ኤፕሪል 14 ቀን 2003 ነው፣ ክርክሩ ገና ሲካሄድ። ማንም ሰው ያን ዜና ከዚያ ችሎት ጋር አላገናኘውም። ሊያገናኘውም አይችልም ነበር፤ በዚያ ጊዜ አንድ ሰው ዘረመል ማንበብ ዓመታትና የመንግሥት በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ2018 ነው። ካሮላ ቪኑዌሳ የተባለች በካንቤራ የምትሠራ ስፔናዊት የበሽታ መከላከያ ተመራማሪ፣ ጉዳዩን እንድታይ ስትጠየቅ የፎልቢግን ዘረመል ለማንበብ ተስማማች። የሥራ ባልደረባዋ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ናሙና አመጣ። ሲነበብ «ካልሞዱሊን» የተባለውን ፕሮቲን ከሚሠሩት ሦስት ዘረመሎች በአንዱ፣ ካልም-ሁለት በሚባለው ላይ፣ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኘች።

ካልሞዱሊንን ለመረዳት በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ማሰብ ይበቃል። ልብ በመታች ቁጥር ካልሲየም ይገባል፤ ዘበኛው እየቆጠረ «በቃ፣ ዝጋ» ይላል። ዘበኛው ካንቀላፋ ካልሲየሙ ይጥለቀለቃል፣ ምቱም ይዛባል። ይህ ፕሮቲን ከዶሮ እስከ ሰው አንድ ፊደል አልተለወጠበትም፤ ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ለውጥ ያልፈቀደችበት ነገር ነው። በዚህ ላይ የሚደርስ ለውጥ ድንገተኛ የልብ ሞት እንደሚያመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ2012 ነው፣ ፎልቢግ ዘጠኝ ዓመት ከታሰረች በኋላ። በ2019 የዓለም አቀፉ መዝገብ የያዘው 74 ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ የልጆቹ ተራ ነበር። ሲወለዱ ከተረከዛቸው የተወሰደችው የደም ጠብታና በአስከሬን ምርመራ ጊዜ የተያዙት ናሙናዎች አልተጣሉም ነበር። ሲነበቡ ሣራና ላውራ ያንኑ የእናታቸውን ለውጥ ይዘው ተገኙ። ወንዶቹ የላቸውም። ካሌብና ፓትሪክ ሌላ ዘረመል ላይ፣ በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት ገና በልጅነት ከሚከሰት የሚጥል በሽታ ጋር በተያያዘ ዘረመል ላይ፣ ሁለት ያልተለመዱ ለውጦች ነበሯቸው።

አንባቢ «በቃ፣ አለቀ» ሊል ይችላል። አላለቀም። በ2019 የተካሄደው የመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ሁለት የሳይንቲስቶች ቡድኖች ተከራከሩ፤ ክርክሩ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ለውጡ ገዳይ ከሆነ እናትየዋ እንዴት በሕይወት አለች? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ከልብ ሕመሞቹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ለውጦች ዕዳን ያወርሳሉ እንጂ ዕዳውን በሁሉም ላይ አያስከፍሉም። አንዱ ተሸካሚ በጨቅላነቱ ይሞታል፣ ወንድሙ በሃያ ዓመቱ ሲዋኝ ራሱን ይስታል፣ እናታቸው ምንም ሳትሆን ታረጃለች። ትኩሳት፣ ድንጋጤ፣ አንዳንድ መድኃኒት ገፊ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ሴት ልጆች ደግሞ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ቀናት የመተንፈሻ አካል ሕመም ነበረባቸው። ያን ጊዜ ሽዋርትዝ፣ ያው የ34,442ቱ ሕፃናት ሰው፣ ከሚላን ጻፈ፦ በመዝገባቸው ውስጥ በዚያው ቦታ ላይ ለውጥ ያላቸው ወንድምና እህት አሉ፣ አንደኛው በድንገት ሞቷል፣ የሌላዋ ልብ ቆሞ ነበር። ማጣሪያውን የመሩት የቀድሞ ዳኛ ግን አልተቀበሉትም። ማስታወሻውን ይበልጥ አመኑ፣ ጥፋተኝነቷም ይበልጥ እንደተረጋገጠ ጻፉ።

ሳይንቲስቶቹ ከዚያ ያደረጉት ነገር ጠበቆች ከሚያደርጉት የተለየ ነበር፤ ወደ ላቦራቶሪ ተመለሱ። ዴንማርክ ውስጥ በሚካኤል ቶፍት ኦቨርጋርድ የሚመራ ቡድን የተለወጠውን ካልሞዱሊን ሠርቶ ፈተነው። ዘበኛው በእርግጥ ያንቀላፋል፤ ቀድሞ ገዳይነታቸው እንደታወቀው ለውጦች ነው የሚሠራው። ውጤቱ በኖቬምበር 2020 በአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መጽሔት ወጣ። በማርች 2021 ዘጠና ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች፣ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች ጭምር፣ ይቅርታ እንዲደረግላት ፈርመው ለግዛቲቱ አስተዳዳሪ አቀረቡ። በዚያው ወር ፍርድ ቤት በ2019ኙ ማጣሪያ ላይ ያቀረበችውን አቤቱታ ጣለው። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሁለተኛ ማጣሪያ ተፈቀደ፤ ቶም ባተርስት የተባሉት የቀድሞ ዋና ዳኛ እንዲመሩት ተደረገ። የአውስትራሊያ የሳይንስ አካዳሚም ገለልተኛ አማካሪ ሆኖ ገባ፤ የትኛው ባለሙያ መሰማት እንዳለበት ችሎቱን የሚያመለክት ተቋም ነበር ማለት ነው። ከመጀመሪያው ማጣሪያ ትልቁ ልዩነት ምናልባት ይህ ነው።

ባተርስት የደረሱበት ነገር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። «ልጆቹን የገደለው ዘረመሉ መሆኑ ተረጋገጠ» አላሉም። ያሉት፣ ሦስቱ ልጆች በተፈጥሮ ምክንያት ሞተው ሊሆን የሚችልበት ምክንያታዊ ዕድል አለ ነው፤ ሣራና ላውራ በልብ፣ ፓትሪክ በአንጎል ሕመም። ሦስቱ ከወጡ ደግሞ በካሌብ ላይ የቀረበው ክስ አብሮ ይወድቃል፤ የቆመው በሌሎቹ ትከሻ ላይ ነበርና። ማስታወሻውን ያነበቡ የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችም የወንጀለኛ ኑዛዜ አላገኙበትም፤ ያገኙት ራሷን የምትወቅስ ሐዘንተኛ እናት ነው። በወንጀል ሕግ ነፃ ለመውጣት ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል። በ2003 ከአሳማ ክንፍ ጋር የተመሳሰለው ያ ጥርጣሬ ነበር።

ጁን 5 ቀን 2023 የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ማርጋሬት ቢዝሊ ይቅርታ ሰጡ፤ ፎልቢግ ከሃያ ዓመት እስር በኋላ በዚያው ቀን ወጣች። ይቅርታ ግን ፍርድን አይሽርም። ፍርዱ የተሻረው ዲሴምበር 14 ቀን 2023 በወንጀል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜዋ 56 ደርሶ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የልብ ሕክምናው ራሱ ሩቅ ሄዷል። ኪው-ቲ ለረዘመበት ሰው የልብን ግልቢያ የሚያረግቡ መድኃኒቶች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሰጡ ኖረዋል። በ1980 ደግሞ ምቷ የተዛባ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ገላ ውስጥ ተቀበረ። በጁን 2021 ኮፐንሃገን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ እንደ ፎ የወደቀው ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ በንዝረት ተመልሶ፣ ያንን መሣሪያ ተቀብሮለት፣ እንደገና ለአገሩ ተጫውቷል። ሐኪሞች በልብ ሕመም ለተጠረጠረ ወጣት መጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ግን ከ1856ቱ ወላጆች ዕውቀት ብዙም አይርቅም፦ ስትሮጥ ወይም ስትደነግጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከቤተሰብህ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ?

በኦገስት 2025 የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መንግሥት ለፎልቢግ 2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አቀረበ። ለሃያ ዓመት ሲካፈል በቀን 274 ዶላር ገደማ ይሆናል። ጠበቃዋ ስድብ ነው አሉ። በአውስትራሊያ የሚነጻጸረው ሌላ ስም ሊንዲ ቻምበርሊን ነው፤ በ1980 ጨቅላዋን ዲንጎ የተባለ የዱር ውሻ ከድንኳን ወሰደባት፣ እሷ ግን ነፍሰ ገዳይ ተብላ ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረች። ለእሷ በ1992 የተከፈላት 1.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር።